«ኤባውት» የሚለውን ቃል ለማወቅ ሦስት ወር፦ ደሴ ላይ የሚሰጥ አንድ የንግድ እንግሊዝኛ ሥልጠና ሲገመገም

ኮምቦልቻ ላይ ማሾ፣ ሽምብራ፣ አብሽና ቅመማ ቅመም ወደ ውጭ አገር በሚልክ አንድ አነስተኛ ድርጅት የሰነድ ሠራተኛ ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ አራት ዓመት አልፎኛል። ከገዥዎች የሚመጣውን ደብዳቤ የማነበውና የምመልሰው፣ ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት (የዋጋ መጠየቂያና የጭነት ዝርዝር) የማዘጋጀው፣ ባንክ «ይስተካከል» ብሎ የሚመልሰውን ወረቀት ይዤ የምሯሯጠውም እኔው ነኝ። ባለፈው ዓመት ደሴ ውስጥ አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ማዕከል ለሦስት ወር የሚሰጠውን «የንግድ እንግሊዝኛ» የማታ ሥልጠና ተከታትዬ ጨርሻለሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶች ስላሉ ማዕከሉን በስም አልጠራውም። የምጽፈው በወሎ በአስመጪነትና በላኪነት ሥራ የተሰማራ ሰው ገንዘቡንና ምሽቱን ከመስጠቱ በፊት ከእንዲህ ያለ ሥልጠና ምን መጠበቅ እንዳለበት፣ ምንስ አጥብቆ መጠየቅ እንደሚገባው አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

ወደ ሥልጠናው የላከኝ የራሴ ስሕተት ነው። አንድ የውጭ ገዥ የቅመማ ቅመም ዝርዝር ከነዋጋው እንድንልክለት ጠይቆን ነጭ አዝሙድን ቃል በቃል «ዋይት ኩሚን» ብዬ ጻፍሁ። ገዥው ናሙና ጠየቀ፤ ናሙናው በፈጣን መልእክት ተላከ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ ግን «ይህ የጠየቅነው ዕቃ አይደለም፤ ይህ አጅዋይን ነው» የሚል ነበር። እውነታቸውን ነው። እኛ ነጭ አዝሙድ የምንለው ቅመም በዓለም ገበያ የሚታወቀው አጅዋይን በሚለው የሕንዶች ስም ሲሆን፣ «ኩሚን» የሚባለው ደግሞ እኛ ከሙን የምንለው ነው። ጥቁር አዝሙድም ቢሆን «ብላክ ኩሚን» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ለአንዱ ገዥ እኛ የምናውቀው ጥቁር አዝሙድ፣ ለሌላው ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ዘር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ላኪ «ናይጄላ ሳቲቫ» የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ከጎኑ ያሰፍራል፤ ገዥው ሕንዳዊ ከሆነም «ከሎንጂ» ብሎ ይጨምርበታል። ሽያጩ ቀረ፤ የናሙናው ወጪም ባክኖ ቀረ። የድርጅቱ ባለቤት ሐጂ ግን አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ዕቃችን ንጹሕ ነበር፤ ያበላሸው ስሙ ነው። ይህን የሚያስተምር ሰው ካለ ሂጂና ተማሪ፤ ክፍያው በእኔ ነው» አሉኝ። ሐጂ አረብኛን እንደ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ከዱባይ ነጋዴ ጋር በስልክ ተጨዋውተው ዋጋ የሚቆርጡ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ በአረብኛ የተቆረጠው ዋጋ ባንክ የሚደርሰው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ስለሆነ፣ የእሳቸው ቃል መጨረሻው የሚያርፈው በእኔ እጅ ላይ ነው።

ሥልጠናው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሽቱ 12፡00 እስከ 1፡30 ይሰጥ ነበር። ለሦስቱ ወር 4,800 ብር፣ ለመመዝገቢያና ለጽሑፍ ማባዣ ደግሞ 300 ብር ከፍለናል። ክፍሉ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ የከበደኝ መንገዱ ነበር። ከሥራ ወጥቶ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ መውጣት፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ደግሞ በጉም ውስጥ ያንኑ ጠመዝማዛ ቁልቁል መመለስ፣ ከዚያም በፊት የመጨረሻው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሣ በደሴ ብርድ ቆሞ መጠበቅ ለብዙዎቻችን ፈተና ሆኖብን ነበር። ከሃያ ስምንታችን መካከል ከግማሽ የማናንሰው የምንመጣው ከኮምቦልቻ ነው፤ ደረቅ ወደቡም፣ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም፣ የእህል መጋዘኖቹም ያሉት እዚያው ስለሆነ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ማዕከሉ አንድ ክፍል ኮምቦልቻ ላይ እንዲከራይ ደጋግመን ጠይቀናል። ጥያቄው ዛሬም ተገቢ ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ወር ባክኗል ብል አላጋነንሁም። አሥራ ሁለቱም ክፍለ ጊዜ ያለቀው በሰዋስው ነው፤ ያውም ትምህርት ቤት ስንማረው በኖርነው ዓይነት፣ ከንግድ ጋር ምንም ዝምድና በሌላቸው ዓረፍተ ነገሮች። በአገራችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ደንቡን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ የቸገረን ደንቡን አውቆ አንድ የረባ የንግድ ደብዳቤ መጻፍ አለመቻላችን ነበር። መግቢያ ላይ ፈተና ስላልተሰጠን ፊደል ለይቶ ማንበብ የሚቸግረው ወጣትና አሥር ዓመት በትራንዚተርነት (በጉምሩክና በጭነት ጉዳይ አስፈጻሚነት) የሠራ ጎልማሳ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሁለቱም እኩል ተጎድተዋል። ሰዋስው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሰዋስውን በውል ወረቀት ላይ ማስተማር ይቻል ነበር። «ሻል» ግዴታን፣ «ሜይ» ፈቃድን እንደሚያመለክት ከአንድ እውነተኛ የሽያጭ ውል ላይ ቢታይ ኖሮ ለዕድሜ ልክ የማይረሳ ትምህርት በሆነ ነበር። ይህ የመጣው በሁለተኛው ወር፣ ሌላ መምህር ሲመደብልን ነው።

ለሥልጠናው ሙሉ ዋጋ የሚያሰጡት እኒህ ሁለተኛው መምህር ናቸው። ቀደም ሲል በባንክ የውጭ ንግድ ክፍል የሠሩ ስለሆኑ የሚያስተምሩት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያው ምሽት የገዥውና የሻጩ ስም፣ የባንኩም ስም በጥቁር ቀለም የተሸፈነበት የኤልሲ ቅጂ ይዘው መጡ። ኤልሲ ማለት ገዥው በባንኩ በኩል የሚከፍተው፣ ላኪው የተጠየቀውን ሰነድ አሟልቶ ሲያቀርብ ባንኩ እንደሚከፍል የገባበት የክፍያ ቃል መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ከጻፏቸው ሦስት መስመሮች አንደኛው «100 ሜትሪክ ተን»፣ ሁለተኛው «ኤባውት 100 ሜትሪክ ተን» (100 ሜትሪክ ተን ገደማ)፣ ሦስተኛው «2,000 ባግስ፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ግራም» የሚል ነበር። «ስንት ኩንታል ብትጭኑ ባንኩ ይከፍላችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። ሂሳቡ ቀላል ነውና ሁላችንም በአንድ አፍ «አንድ ሺሕ ኩንታል» አልን። ሦስቱም ለእኛ አንድ ነበሩ።

ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው፣ በአጭሩ ዩሲፒ 600 እየተባለ የሚጠራው ደንብ 39 አንቀጾች አሉት፤ ኤልሲዎች በአብዛኛው የሚከፈቱትም በዚሁ ደንብ መሠረት ነው። በአንቀጽ 30 መሠረት ከመጠን ፊት «ኤባውት» ወይም «አፕሮክሲሜትሊ» የሚል ቃል ካለ፣ ያ መጠን አሥር በመቶ ሊጨምር ወይም አሥር በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ በሁለተኛው መስመር ከ90 እስከ 110 ቶን መጫን ይፈቀዳል። ቃሉ ከሌለና መጠኑ በክብደት ከተገለጸ፣ የሚጠየቀው ገንዘብ ከኤልሲው መጠን እስካላለፈ ድረስ አምስት በመቶ መጨመርና መቀነስ ይቻላል። መጠኑ በጆንያ ቁጥር ከተገለጸ ግን ይህ የአምስት በመቶ ፈቃድ የለም፤ ሁለት ሺሕ ጆንያ ማለት ሁለት ሺሕ ጆንያ ነው። ከኋላዬ ተቀምጦ የነበረው ትራንዚተር በረጅሙ ተነፈሰ። ባቲንና ሚሌን አልፎ ጅቡቲ እስኪደረስ ጆንያ እንደሚቀደድ፣ የተቀደደውም ከጭነቱ ተለይቶ እንደሚቀር ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። እኔም በዚያች ሌሊት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ሳስብ የነበረው፣ በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ገዥው ኤልሲውን በጆንያ ቁጥር ሲከፍት ምንም ሳልል እንደተቀበልሁ ነው። ረቂቁ ሲላክልኝ «መጠኑ በሜትሪክ ተን ይሁንልን፤ ከፊቱም ኤባውት የሚለው ይግባልን» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ሁለት መስመር ደብዳቤ ነበር። መምህሩ አክለው ያስጠነቀቁን ነገር ቢኖር «ኤባውት» የሚሠራው ፊት ለፊቱ ላለው ነገር ብቻ መሆኑን ነው፤ ከመጠኑ ፊት ገብቶ ከገንዘቡ ፊት ካልገባ፣ ዕቃው ቢጨምርም ክፍያው አይጨምርም።

በሚቀጥለው ምሽት ወደ ቀን ገባን፤ ይህኛው ይበልጥ አስደነገጠኝ። በዚሁ ደንብ አንቀጽ 3 መሠረት «ኦን ኦር ኤባውት ኦክቶበር 10» ከተባለ ዕቃው ከኦክቶበር 5 እስከ ኦክቶበር 15 ባሉት ቀናት፣ ሁለቱም ጫፎች ተቆጥረው፣ መጫን አለበት። «ፍሮም» የሚለው ቃል የመጫኛ ጊዜን ሲያመለክት የተጠቀሰውን ቀን ይጨምራል፤ «አፍተር» እና «ቢፎር» ግን አይጨምሩም። ያው «ፍሮም» ደግሞ የክፍያ ቀን መቁጠሪያ ሲሆን ቀኑን አይጨምርም። «የወሩ መጀመሪያ» ማለት ከ1 እስከ 10፣ «አጋማሽ» ከ11 እስከ 20፣ «መጨረሻ» ከ21 እስከ ወሩ ማብቂያ ነው። በደብዳቤዎቻችን ሁሉ የምናዘወትራቸው «ፕሮምፕት»፣ «ኢሚዲየትሊ»፣ «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» የሚሉት ቃላት ደግሞ ባንኩ ጨርሶ የማይቆጥራቸው ናቸው። አማርኛው «በአስቸኳይ» ክብደት ያለው ቃል ስለሆነ እንግሊዝኛውም እንዲሁ የሚከብድ ይመስለን ነበር።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የማነሣው ስለ ባንክ ደንብ ትምህርት ለመስጠት አስቤ አይደለም፤ የንግድ እንግሊዝኛ ተብሎ ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ እኔ የተረዳሁት በእነዚህ ሁለት ምሽቶች ስለሆነ ነው። አንቀጽ 5 ባንኮች የሚሠሩት በሰነድ እንጂ በዕቃ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ማሾው የቱንም ያህል የተበጠረና የተለቀመ ቢሆን ባንኩ ማሾውን አያየውም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱን ለመመርመር አምስት የባንክ ቀናት አለው፤ እኛም ከመጫኛው ቀን በኋላ ባሉት 21 ቀናት ውስጥ፣ ኤልሲው ሳያበቃ፣ ማቅረብ አለብን። ስለዚህ ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ አማረ የሚባል፣ ሲናገሩት የሚያስደንቅ እንግሊዝኛ አይደለም። የሚያስፈልገው ትንንሾቹን ቃላት አለመዝለል ነው። አጥርቶ የሚናገር ጓደኛዬ «ሰብጀክት ቱ አወር ፋይናል ኮንፈርሜሽን» የሚለውን ሐረግ እንደ ማሟያ ቆጥሮት ከዋጋ ማቅረቢያው ላይ አውጥቶት ነበር። ያ ሐረግ ከሌለ ያቀረብነው ዋጋ የጸና ነው፤ ካለ ግን ገዥው ቢቀበለውም እኛ እስክናረጋግጥ ድረስ ገና አልታሰርንም። የገበያ ዋጋ በቀን ሁለት ጊዜ በሚለዋወጥበት ወቅት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ኮንቴይነር ትርፍ ሊሆን ይችላል።

የፊደል ግድፈት ያስፈራን ስለነበር መምህሩን ጠየቅናቸው። ትርጉም የማይለውጥ ግድፈት፣ ለምሳሌ «ማሽን» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ አንድ ፊደል መሳሳት፣ በባንኮች አሠራር እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ የሞዴል ቁጥር 321 የነበረው 123 ተብሎ ቢጻፍ ግን ጉድለት ነው። በኢንቮይስ ላይ የሚሰፍረው የዕቃው መግለጫም ከኤልሲው ጋር መስማማት አለበት። ኤልሲው «ግሪን ሙንግ ቢንስ» ካለ እኛም ይህንኑ እንጽፋለን፤ ያው ማሾ «ግሪን ግራም» ወይም «ሙንግ» እየተባለ በሌላ ገበያ ስለሚጠራ የለመድነውን ስም ከጻፍን ነገር ያመጣል። እዚህ ላይ አንዲት በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ አይረሳኝም። የሽምብራ ዓይነቶች «ካቡሊ» እና «ደሲ» ተብለው ሲነገሩ ሰምታ «መምህር፣ ደሲ የተባለው ከደሴያችን ነው?» አለች። ቃሉ የሕንድ መሆኑን፣ «የአገር ቤት» እንደማለት መሆኑን ነገሯት። ክፍሉ በሙሉ ትንሽ ቅር አለው፤ እኔም ደሴ በሆነ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ኢንኮተርምን በተመለከተ ትምህርቱ ጥሩ፣ ወረቀቱ ግን ደካማ ነበር። እነዚህ የዋጋና የማስረከቢያ ቃላት መጀመሪያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን አሁን የምንጠቀምበት የ2020 እትም 11 ቃላት አሉት። የተሰጠን ጽሑፍ ግን በ2020 እትም የተተካውን «ዲ ኤ ቲ» (ተርሚናል ላይ አውርዶ ማስረከብ) የሚለውን ቃል ዛሬም እንደሚሠራ አድርጎ ያቀርባል። መምህሩ በአፋቸው «ይህ አሁን ዲ ፒ ዩ ሆኗል፤ ሰርዙት» ብለው አረሙት። ክፍያ የተከፈለበት ጽሑፍ በተማሪ እስክሪብቶ መታረም አልነበረበትም። ትምህርቱ ራሱ ግን ከአንድ የቆየ ልማድ አውጥቶኛል። እኔ ራሴ «ሲ አይ ኤፍ ጅቡቲ» ብዬ ዋጋ ስልክ ነበር። ከሲ አይ ኤፍ (ላኪው የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ ጨምሮ ከሚሸጥበት) በኋላ የሚጻፈው የመድረሻ ወደብ፣ ከኤፍ ኦ ቢ (መርከብ ላይ ጭኖ ከሚያስረክብበት) በኋላ የሚጻፈው የመጫኛ ወደብ ስለሆነ፣ ጅቡቲ ላይ ለምንጭነው ዕቃ ትክክሉ «ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ» ወይም «ሲ አይ ኤፍ» ብሎ የገዥውን ወደብ መጥቀስ ነው። ከዚህም አልፎ በሲ አይ ኤፍ እስከ ገዥው ወደብ ድረስ የማጓጓዣውንና የኢንሹራንሱን ወጪ የምንከፍለው እኛ ብንሆንም፣ ዕቃው መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለው አደጋ የገዥው መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ኢንሹራንሱም ሌላ ነገር ካልተስማማን በቀር ዝቅተኛው ሽፋን ነው፤ በዚያ ሽፋን ደግሞ ስርቆትም ሆነ የባሕር ውኃ መግባት አይካተትም። በኮንቴይነር ተጭኖ ወደብ ተርሚናል ላይ ለሚያስረክቡት ዕቃ ከኤፍ ኦ ቢ ይልቅ ኤፍ ሲ ኤ (ዕቃውን ለአጓጓዡ ማስረከብ) እንደሚስማማ የነገሩን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ከኮምቦልቻ ለሚልክ ሰው ይህ አንድ ሙሉ ምሽት የሚገባው ጉዳይ ነበር።

የደብዳቤ አጻጻፍ የተማርነው በየራሳችን ደብዳቤ ነው፤ ይህን አሠራር ከልብ አደንቃለሁ። እኔ ያቀረብሁት ደብዳቤ አሥራ አንድ መስመር ነበረው። ሦስቱ መስመር የከበረ ሰላምታ፣ ሁለቱ ስለ መልካም ግንኙነታችን ምስጋና፣ ሦስቱ «ትብብራችሁ እንዳይለየን በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን» የሚለው አማርኛ በእንግሊዝኛ ለብሶ የመጣ፣ የመጫኛው ቀን ደግሞ አሥረኛው መስመር ላይ ነበር። መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥተው አሥረኛውን መስመር ከበቡና በቀስት ወደ ሁለተኛው መስመር ሳቡት። ሰላምታውን ግን ሙሉ በሙሉ አላጠፉትም፤ «የእኛም ገዥዎች የሰላምታ ሰዎች ናቸው፤ አንድ መስመር ተይላቸው» አሉኝ። አሁን ደብዳቤዎቼ ሲጀምሩ ቀኑ፣ መጠኑና ዋጋው በመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ውስጥ ይገኛሉ። መልስ የሚመጣበት ፍጥነት መለወጡን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቀድሞ «መቼ ነው የምትጭኑት?» የሚል መልስ ይመጣ የነበረበት ጉዳይ አሁን በቀጥታ ወደ ስምምነት ይሄዳል።

«እሺ» የሚለውን ቃል ያነሡበት ምሽት ለእኔ የሥልጠናው ልብ ነበር። አማርኛችን ውስጥ እሺ ማለት ሰምቻለሁ፣ ቀጥል፣ አስብበታለሁ፣ አክብሬሃለሁና አላስቀይምህም፣ እስማማለሁ ማለት ሁሉ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በፊት ገጽታና በድምፅ ነው። ገዥው በጽሑፍ መልእክት ዋጋ አቅርቦ እኛ «ኦኬ» ብለን ብንመልስ ግን ፊታችን አይታየውም፤ ዋጋውን ተቀበሉ ብሎ ይይዛል፤ በማግሥቱ «እኛ እኮ ደረሰን ማለታችን ነው» ቢባል ማን ይሰማል? ለዚህ ነው መምህሩ ለደረሰን መልእክት «ኖትድ»፣ ለምናስብበት ጉዳይ መልስ የምንሰጥበትን ቀን ጠቅሶ መጻፍ፣ ለተቀበልነው ነገር ብቻ «አክሰፕትድ» ማለትን ያስለመዱን። ሐጂ በስልክ «ኢንሻ አላህ በሳምንቱ መጨረሻ እንጭናለን» ሲሉ ከልባቸው ቃል መግባታቸው ነው፤ የገልፉ ነጋዴም ይህን ያውቃል። ያንኑ ቃል ወደ ወረቀት ስመልሰው ግን ቀኑንና ወሩን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሰዓት ካለበትም የማን አገር ሰዓት እንደሆነ ጭምር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ያልነው ቀጠሮ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሆኖ ገዥው ከእንቅልፉ እንዲነሣ ያደረግንበት ጊዜ ነበርና።

ሥልጠናው ፈጽሞ የወደቀው በማዳመጥና በመናገር ትምህርት ነው። ለማዳመጥ የቀረቡልን ቅጂዎች በሙሉ የእንግሊዝ ሰዎች ረጋ ብለው የሚናገሩባቸው ነበሩ። እኔ በስልክ የማገኘው ግን ሕንዳዊ፣ የገልፍ አረብ፣ አንዳንዴም ቻይናዊ ነው። የሕንድ ገዥ «ፕሊዝ ሪቨርት» ሲል መልሱልኝ ማለቱ እንጂ ወደነበረበት መልሱ ማለቱ አይደለም፤ «ዱ ዘ ኒድፉል» ሲል የሚያስፈልገውን አድርጉ ማለቱ ነው፤ «ዋን ላክ» ሲል መቶ ሺሕ ማለቱ ነው። አንዳቸውም በክፍል ውስጥ አልተነሡም። በስልክ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ሲምታቱብን 15ና 50 መሆናቸውን ቁጥሮቹን ተራ በተራ በመጥራት ማረጋገጥ እንደሚቻል ያወቅሁት ከሥራ ባልደረባዬ ነው። ሃያ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በሦስት ወር አንድ ሰው አፉን የሚፈታው ስንት ጊዜ እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ እኔ ቆሜ የተናገርሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው። የቢዝነስ ንግግር ለመለማመድ ብሎ የሚመዘገብ ሰው ቅር ብሎት ይወጣል።

ስለ ቤቱ ብዙ የምለው የለኝም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም፤ በጠፋባቸው ምሽቶች መምህሩ በስልካቸው ብርሃን ቀጥለዋል፤ አንድም ቀን «በቃ፣ ሂዱ» አላሉንም። የሚባዛው ጽሑፍ ግን የደበዘዘ ነው። የኤልሲ ቅጂ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፊደላት እንዲነበቡ እየተነገረን የተሰጠን ቅጂ ጥቃቅን ፊደላቱ የማይታዩበት ነበር፤ ከ300 ብሩ ላይ ለጥሩ ማባዣ የሚበቃ ገንዘብ አይጠፋም። በመጨረሻ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ለሥራ ማመልከቻ ይጠቅም ይሆናል፤ እኔ ያስቀመጥሁት ግን ማስታወሻ ደብተሬን ነው።

እንግሊዝኛ ከመሠረቱ መማር የሚፈልግ ሰው ወደዚህ ሥልጠና ባይሄድ እመክራለሁ፤ ሁለተኛው ወር ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። በላኪ ድርጅት፣ በአስመጪ ቢሮ፣ በትራንዚት ሥራ ወይም በባንክ ሰነድ ክፍል ውስጥ ወረቀት እየነካ ያለ ሰው ግን፣ ከሁለተኛው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ቢማር የከፈለው ገንዘብ አያስቆጨውም። ሲሄድም በሥራው ላይ ያስቸገረውን ኤልሲ፣ ውል ወይም ደብዳቤ ቅጂ ይያዝ፤ የገዥውን ስምና ዋጋውን ግን አስቀድሞ በጥቁር ቀለም ይሸፍን፤ አብሮ የሚማረው ሰው የዚያው ገበያ ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላልና። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ መምህሩ ለግል ጥያቄ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያሉ። እኔ ብዙውን ያገኘሁት በዚያች ሃያ ደቂቃ ነው፤ ለኮምቦልቻ ሰው ግን ያች ሃያ ደቂቃ ሚኒባሱን ታስመልጣለች።

ለማዕከሉ ኃላፊዎች በጽሑፍ ያቀረብሁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ለብቻው ተከፍሎበት መግባት እንዲቻል፣ መግቢያ ላይም አጭር ፈተና እንዲሰጥ። መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው። በዚህ መካከል ሐጂ አዲስ የተቀጠረችውን ረዳቴን ለሚቀጥለው ዙር እንድትመዘገብ ነግረዋታል፤ እኔም የመጀመሪያውን ወር ማታ ማታ መጋዘኑ አጠገብ ባለችው ቢሮ ውስጥ፣ ባለፈው ሳምንት በመጣልን የማሾ ኤልሲ ላይ ራሴ ላስተምራት ጀምሬአለሁ። ትናንት «ኤባውት» የሚለው ቃል ከመጠኑ ፊት እንጂ ከገንዘቡ ፊት አለመኖሩን ያየችው እርሷ ናት፤ ማሻሻያ እንዲደረግልን የጠየቅንበት ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ሄዷል።